አኮሞዴሽን መኝታ ብቻ አይደለም

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉ «አኮሞዴት» ይባላል። በመምህርነት በቆየሁባቸው 34 ዓመታት ይህን ቃል ስንት ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኩት ቁጥሩን አላስታውስም። ትርጉሙን በቅጡ የተረዳሁት ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ያውም በልጅ ልጄ ምክንያት። ነገሩ ስላሳፈረኝ ልጽፈው ተነስቼ ደጋግሜ ትቼው ነበር። ሆኖም እንደ እኔ ልጅና የልጅ ልጅ ባሕር ማዶ ያላችሁ፣ ወይም እዚሁ ሆነው ከውጭ ሰዎች ጋር የሚሠሩ ልጆች ያሏችሁ ብዙ ናችሁና፣ የእኔ ስህተት ለእናንተ ትምህርት ቢሆን ብዬ ይኸው ጻፍኩት።

ልጄ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከሄደች አራት ዓመት ሆናት። ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን በመንከባከብ ትሠራለች። የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አላት። ልጁ ሕፃን ሳለ ታሞ ስለነበር በግራ ጆሮው ብዙም አይሰማም። እዚህ በነበሩ ጊዜ ቤታችን ውስጥ ሁላችንም ለምደነው ነበር፤ ስናናግረው በቀኝ በኩል ነው፤ ገበታ ላይም ከሁላችን በስተግራ ጥግ ይቀመጣል። ይህን ማንም አውጥቶ አይናገረውም፤ እንዲሁ ይደረግ ነበር።

አንድ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እነሱ ዘንድ ገና አመሻሽ 12 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጮኽ የወላጅ ልብ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

«አባዬ፣ ከልጁ ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣ። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ፤ እስቲ አንብበው» አለችኝ። ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

መነጽሬን ፈልጌ አነበብኩት። ደብዳቤው አጭር ነው። ለልጅዎ ስለሚያስፈልጉ «አኮሞዴሽንስ» ለመነጋገር በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ስብሰባ አለና ይገኙ ይላል።

«አኮሞዴሽን ማለት መኝታ፣ ማደሪያ አይደል አባዬ? ልጄን የት ሊያሳድሩብኝ ነው?»

ምን ልበላት? ቃሉን ያስተማርኳት እኔው ነኝ። በእኔ ክፍል «አኮሞዴሽን» ማለት «ማረፊያ» ነበር፤ አለቀ። «እንጃ ልጄ፣ ቃሉስ ማደሪያ ነው የሚለው። ምናልባት መስማት ለሚቸግራቸው ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ይኖራቸው ይሆናል» አልኳት።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ መልሴ ነው። ልጄ እዚያ አገር ከገባች ጀምሮ «የእገሊትን ልጅ መንግሥት ወሰደባት» የሚል ወሬ ስትሰማ ነው የኖረችው። በስብሰባው ዕለት ሳትሄድ ቀረች። ሲደውሉላትም አላነሳችም። «ካልፈረምኩ አይወስዱትም» ብላ ቆረጠች። ልጁ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ መምህሩ የሚለው ግማሹ እየተሰማው ግማሹ እያመለጠው ሁለት ሳምንት አለፈ።

እኔም እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ሌሊት ተነሥቼ አቧራ የጠገበውን ወፍራም መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያው አወረድኩ። አንደኛው ፍቺ «ማረፊያ መስጠት» ይላል። ሁለተኛው «ቦታ መብቃት፣ መያዝ» ይላል። ቀጥሎ ያለው ላይ ስደርስ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የአንድን ሰው ፍላጎት ወይም ሁኔታ አይቶ፣ ነገሩን ለእሱ እንዲመች አድርጎ ማስተካከል የሚል ነው። ትምህርት ቤቱ ልጄን የጠራት ልጁን ሌላ ቦታ ሊያሳድርባት አልነበረም። እኛ ገበታ ላይ ስናደርግለት የኖርነውን በክፍል ውስጥ ሊያደርግለት ነበር።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። «ኮሞዱስ» ማለት «ምቹ፣ ተስማሚ» ሲሆን፣ ከእሱ «አኮሞዳሬ» ወጣ፤ ምቹ ማድረግ ማለት ነው። አሁን ወደ አማርኛችን እንምጣ። እኛም «ምቹ» ከሚለው «ማመቻቸት» እንላለን። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ በአንድ መንገድ ሄደዋል። ሌላም ቃል አለን፤ «ማስተናገድ»። አዳራሹ 500 ሰው ያስተናግዳል እንላለን። ሆቴሉ እንግዶቹን አስተናገደ እንላለን። ቢሮ ሄደን ደግሞ «ጥያቄዎን ማስተናገድ አንችልም» እንባላለን። በሦስቱም ቦታ እንግሊዝኛው «አኮሞዴት» ነው። እኔ ግን ይህን ሁሉ ትቼ ለተማሪዎቼ አልጋ ብቻ ሰጠኋቸው። እንግዲህ ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ ከእኔ የተሻለ መልስ ስጧቸው፤ ማስተናገድና ማመቻቸት በሏቸው። መኝታው ከእነዚህ አንዱ ቅርንጫፍ ነው።

በቤትና በጉዞ

ቀላሉን እናስቀድም። ስለ ቦታ ስፋት ስንናገር «ዘ ሆል ካን አኮሞዴት ስሪ ሀንድረድ ፒፕል» ይባላል፤ አዳራሹ 300 ሰው ይይዛል ማለት ነው። ለመኪናም፣ ለመማሪያ ክፍልም፣ ለጠረጴዛም ይሠራል።

ስለ ማረፊያ ሲሆን «አኮሞዴሽን» የሚለው ስም ይመጣል። እዚህ ላይ እንግሊዞችና አሜሪካኖች ይለያያሉ። እንግሊዞች ለማረፊያ ሲጠቀሙበት እንደ ውኃና እንደ ስኳር የማይቆጠር ስም ያደርጉታል። ስለዚህ ከፊቱ «አን» አይገባም፣ ከኋላውም «ኤስ» አይጨመርም። አሜሪካኖች ግን «አኮሞዴሽንስ» ብለው በብዙ ቁጥር ይጠሩታል። ልጃችሁ ለእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ስትጽፍ ያለ «ኤስ»፣ ለአሜሪካ ሆቴል ስትጽፍ ከነ «ኤስ» ብትጽፈው ከሁለቱም ጋር ትግባባለች።

ሰውንም እንገልጽበታለን። «ሺ ኢዝ ቬሪ አኮሞዴቲንግ» ካሉ፣ ሰው እንዲመቸው የምትተጋ፣ እሺ ባይ ናት ማለት ነው። ከአንድ ቤት እንግድነት ሲመለሱ ለማመስገን ጥሩ ቃል ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ቃሉ ኮትና ክራባት የለበሰ ቃል ነው። የአክስታችሁ ልጅ ከውጭ ሊመጣ ሲል «አይ ዊል አኮሞዴት ዩ» ብላችሁ ብትጽፉለት ሆቴል የከፈታችሁ ይመስለዋል። ለዘመድ «ዩ ካን ስቴይ ዊዝ አስ»፣ ማለትም እኛ ዘንድ ማረፍ ትችላለህ ማለት ይበቃል። «ዊ ሃቭ ሩም ፎር ዩ» ማለትም ያስኬዳል፤ ለአንተ የሚሆን ቦታ አለን ነው።

በሥራ ቦታ

የጎረቤቴ ልጅ በአንድ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛውንም አይፈራም። አንድ ቀን ከውጭ ኢሜይል መጣለት። «ካን ዩ አኮሞዴት ኤ ፓርቲ ኦፍ ፎርቲን፣ ቱ ኦፍ ሁም አር ቬጂቴሪያን?» ይላል። እሱም «ፓርቲ» ሲል ድግስ፣ «አኮሞዴት» ሲል መኝታ መሰለው። «እኛ የምንሠራው ጉብኝት ብቻ ነው፤ ለድግስና ለአልጋ እባክዎን ሆቴሎችን ይጠይቁ» ብሎ በትህትና መለሰ። ሰዎቹም አመስግነው ሌላ ድርጅት ዘንድ ሄዱ።

የተጠየቀው ግን ይህ ነበር፦ 14 ሰዎች ነን፣ ከመካከላችን ሁለቱ ሥጋ አይበሉም፣ በጉብኝታችሁ ልታስተናግዱን ትችላላችሁ ወይ? በጾም ምግብ በታወቀ አገር ሥጋ የማይበሉ ሁለት ሰዎችን ማስተናገድ እንዴት ያቅታል? የ14 ሰው ገበያ የተበላሸው በሁለት ቃል ነው። ልጁ እኔ ዘንድ መጥቶ ሲያጫውተኝ «የተማርኩት እንደዚያ ነዋ ጋሼ!» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ እሱንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

በሥራ ደብዳቤ ላይ ልጆቻችሁ አዘውትረው የሚያገኟቸውን ሦስት አነጋገሮች ላስታውሳችሁ።

አንደኛው «ቱ አኮሞዴት ዩር ስኬጁል» የሚለው ነው። የእርስዎን ጊዜ ለማመቻቸት ስንል ሰዓቱን ቀየርን ሲሉ ይህን ይጽፋሉ። ይህን ያደረገልን ሰው ምስጋና ይገባዋል። «ታንክ ዩ ፎር አኮሞዴቲንግ ማይ ሪክዌስት» ብሎ መመለስ፣ ጥያቄዬን ስላስተናገዱልኝ አመሰግናለሁ ነው።

ሁለተኛው «ዊ ዊል ዱ አወር ቤስት ቱ አኮሞዴት ዩር ሪክዌስት» ነው። የተቻለንን እናደርጋለን ይላል እንጂ እሺ አላለም። ሆቴል ከሰዓቱ በፊት ልግባ ብላችሁ ጠይቃችሁ ይህ መልስ ከመጣ፣ ክፍሉ ዝግጁ ላይሆን ይችላልና ሻንጣችሁን የምታስቀምጡበትን አስቡ።

ሦስተኛው «ዊ አር አንኤብል ቱ አኮሞዴት ዩር ሪክዌስት» ነው። ይህ «አይሆንም» ማለት ነው፤ ነገር ግን በለሰለሰ አንደበት። እኛ ይሉኝታ ስላለብን፣ ሰው እንዲህ ለስለስ ብሎ ሲናገረን ትንሽ ብንለምነው የሚራራ ይመስለናል። ይህን ደብዳቤ ይዘው ወራት የሚጠብቁ ልጆች አውቃለሁ። አትጠብቁ። ከዚያ ይልቅ ሌላ አማራጭ መኖሩን በጨዋነት ጠይቁ፤ ያ ነውር የለውም።

ስለ ሰዋስው አንድ ነገር ብቻ ልበል። የምናስተናግደው ሰው ወይም ጥያቄ ከግሡ ቀጥሎ በቀጥታ ይመጣል። «ፕሊዝ አኮሞዴት ቱ ሚ» አይባልም፤ «ቱ» ይውጣ። ደግሞ የሚያስተናግደው ቦታው ወይም ሥልጣኑ ያለው ወገን ነው። ሥራ ጠያቂው ለድርጅቱ «እባካችሁ አስተናግዱኝ» ሊል ይችላል፤ «እኔ አስተናግዳችኋለሁ» ቢል ግን ያስቃል።

አጻጻፉ ብዙዎችን ያስታል። ሁለት «ሲ» እና ሁለት «ኤም» አለው። ፈረንጆቹ ራሳቸው አንዱን «ኤም» ይረሱታል። ለተማሪዎቼ እለው የነበረው አሁንም ይሠራል፤ ይህ ቃል እንግዳ ተቀባይ ነውና ሁለት ሁለቱን ሳያጨናንቅ ያስተናግዳል። ሲነበብ ደግሞ «ኮ» የሚለው ድምፅ ጠበቅ ተደርጎ ይጠራል።

በትምህርት ቤት

አሁን ወደ ልጅ ልጄ ደብዳቤ ልመለስ። በአሜሪካ በ1973 የወጣ ሕግ አለ፤ ክፍል 504 በመባል ይታወቃል። የእኛ ሰዎችም እዚያ «ፋይቭ ኦ ፎር» ይሉታል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ ከሌሎች እኩል እንዲማር ማድረግ አለባቸው ይላል። በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ደግሞ ይህንኑ ወደ ሥራ ቦታና ወደ ሌሎችም አገልግሎቶች አሰፋው። በእነዚህ ሕጎች ውስጥ «አኮሞዴሽን» ማለት ማመቻቸት ነው። የሚሰማው ጆሮ ወደ መምህሩ እንዲሆን ማስቀመጥ፣ በቃል የተነገረውን ትእዛዝ በጽሑፍ ጭምር መስጠት፣ በፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት መፍቀድ፣ ዓይኑ ለደከመ ልጅ ጽሑፉን አጉልቶ ማተም፤ እነዚህ ሁሉ አኮሞዴሽን ናቸው። ወላጅ አይከፍልበትም።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ቃል አለ፤ «ሞዲፊኬሽን»። አኮሞዴሽን ልጁ የሚማርበትን መንገድ ይለውጣል፤ ትምህርቱ ግን ያው የጓደኞቹ ትምህርት ነው። ሞዲፊኬሽን ግን ልጁ እንዲያውቅ የሚጠበቅበትን ነገር ራሱን ይለውጣል፣ ወይም ይቀንሳል። ስለዚህ በስብሰባው ላይ የሚነገረው የትኛው እንደሆነ ሳታፍሩ ጠይቁ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁም አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲቀርብላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ልጃችሁ በራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ እንዲሆን አትፍቀዱ።

በእኛም አገር ሐሳቡ ባዕድ አይደለም። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪዎች የሥራ ቦታውንና የሥራ መሣሪያውን ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ እንዲያመቻቹ ያዛል። ሥራ የያዙ ልጆች ያሏችሁ ይህን ማወቅ አይጎዳችሁም።

መዝገበ ቃላቱን እንዳየሁ ለልጄ ደወልኩ። «ይቅር በይኝ፣ ያሳሳትኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቀጥሎ ለቅሶዋ ተሰማኝ፤ የእፎይታ ለቅሶ ነበር። ከዚያ አብረን ለትምህርት ቤቱ መልስ ጻፍን። ባለመገኘቷ ይቅርታ ጠይቃ፣ ሌሊት ስለምትሠራ ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ቢሆንላት ስትል «ኩድ ዩ ፕሊዝ አኮሞዴት ማይ ወርክ ስኬጁል?» አለች። በማግስቱ መልስ መጣ፤ «ዊ ዊል ቢ ሃፒ ቱ አኮሞዴት ዩ» ይላል። «አሁን ደግሞ ለእኔም አልጋ ሊያዘጋጁልኝ ነው እንዳልል!» ብላ ስትስቅ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳቋን ሰማሁ።

ስብሰባው ተደረገ። ልጁ አሁን ከፊት ረድፍ፣ በክፍሉ ግራ በኩል ተቀምጦ ቀኝ ጆሮውን ወደ መምህሩ አድርጎ ይማራል። የቤት ሥራውም በጽሑፍ ይሰጠዋል። ባለፈው እሑድ ስንነጋገር «አያቴ፣ ቲቸሬ ስትቀልድ አሁን እኔም ከሌሎቹ ጋር እኩል እስቃለሁ» አለኝ። ስለ ውጤቱ ልጠይቀው አስቤ የነበረውን ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ልጅ እየታወሰኝ ይረብሸኛል። 70 ተማሪ በሚታጨቅበት ክፍል ሳስተምር ከመጨረሻው ወንበር የሚቀመጥ ቀጭን ልጅ ነበር። አንድ ቀን እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ወደ ፊት መምጣት እችላለሁ?» አለኝ። «ቦታህ ላይ ተቀመጥ፣ ሥርዓት አታበላሽ» አልኩት። ተቀመጠ። ዳግመኛም አልጠየቀኝም። ሰሌዳውን ሲያይ ዓይኑን ያጨነቁር እንደነበር አሁን ነው የሚታየኝ። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ትምህርቱን አቋረጠ። ያንን ልጅ ወደ ፊት ለማምጣት ሕግም ገንዘብም አያስፈልግም ነበር፤ የፊት ወንበር ላይ ያለውን አንዱን ጎበዝ «ተነሥና ቦታ ተቀያየሩ» ማለት ይበቃ ነበር። ቃሉን ለ34 ዓመታት አስተማርኩ፤ ሥራውን ግን ያን ዕለት አልሠራሁትም።

እኛ አያቶች ደግሞ ቃሉን በገዛ አካላችን እናውቀዋለን። የዓይን ሐኪሞች፣ የዓይናችን ሌንስ ቅርብና ሩቅ ለማየት ቅርጹን ሲለዋውጥ «አኮሞዴሽን» ይሉታል። ዕድሜ 40ን ሲሻገር ሌንሱ እንደ ድሮው መተጣጠፍ ያቅተዋል። ይህን ጋዜጣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የምታነቡት ለዚያ ነው። ዓይን ሲያቅተው መነጽር ይደረግለታል እንጂ «ሥርዓት አታበላሽ» አይባልም።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ካሉት ልጆች አንዱን ለብቻው ጠርታችሁ «ክፍል ውስጥ የምትቀመጠው የት ነው? ሰሌዳው ይታይሃል? መምህሩ ይሰማሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ካላማራችሁ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሂዱ። በእንግሊዝኛም ይሁን በአማርኛ፣ አስተናግዱልኝ በሉ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።